ጉልበት፣ ወገብና ድድ፦ ከጎጃም ለክልሉ ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣
በጎጃም ለሚገኙ የዞንና የወረዳ ጤና መምሪያዎችና ጽሕፈት ቤቶች፣
እንዲሁም ለጎጃም ሕዝብ

ጉዳዩ፦ የመገጣጠሚያ፣ የወገብና የድድ ሕመም በቀበሌ ደረጃ ተለይቶ እንዲታወቅና በወቅቱ እንዲታከም ስለመጠየቅ

በምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች የሥነ ሕይወት ትምህርት ሳስተምር ኖሬ ዛሬ በጡረታ ላይ የምገኝ ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት የማዘዝም ሆነ የሐኪምን ምርመራ የመተካት አሳብ የለኝም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በለቅሶ ቤትና በዕድር ስብሰባ ዘወትር የምሰማው እሮሮ ነው። ጉልበቴን ቆረጠመኝ፣ ወገቤ አልቀና አለኝ፣ ድዴ እየደማ ጥርሴ ተነቃነቀ የማይል ጎልማሳ ማግኘት አዳጋች ሆኗል። እሮሮው ከመለመዱ የተነሣ ተናጋሪው መፍትሔ አይጠብቅበትም፤ ሰሚውም «እግዜር ይማርህ» ብሎ ያልፈዋል። ሆኖም ከእነዚህ ሕመሞች አብዛኞቹ በቤት ውስጥ በሚደረግ ጥንቃቄ የሚሻሻሉ ሲሆኑ፣ ጥቂቶቹ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ካልታከሙ አካልን የሚያሰናክሉ፣ አንዳንዶቹም ሕይወት የሚያጠፉ ናቸው። ሁለቱን ለይቶ የሚነግረው ሰው በቅርቡ ስለሌለ፣ ተራው ሕመም የያዘው ገንዘቡን በመርፌና በኪኒን ይጨርሳል፤ አደገኛው የያዘው ደግሞ «ያው የወገብ ነገር ነው» ተብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ቢሮው ሊያርመው ይችላል ብዬ የማምነው ጉድለት ይህ ነው።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በ2020 እ.ኤ.አ. 619 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው፤ ሰውን ከሥራ በማስተጓጎልና እንቅስቃሴውን በመገደብ ረገድ ይህን ሕመም የሚስተካከለው የለም። የመገጣጠሚያ ልም አጥንት የሚጎዳበት ኦስቲዮአርትራይተስ በ2019 እ.ኤ.አ. 528 ሚሊዮን ሰዎች ላይ ይገኝ ነበር፤ ከእነርሱም 60 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው። የከፋ የድድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ቁጥርም ከ1 ቢሊዮን ይበልጣል። በጎጃም ነገሩን የተለየ የሚያደርገው የሥራችን ዓይነትና ከሕክምና ያለን ርቀት ነው።

የጤፍ አገር ነን። በነሐሴና በመስከረም አረሙ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳው፣ ሁለቱም ወገብን አጥፎ ከማለዳ እስከ ምሽት የሚሠራ ሥራ ነው። በጮቄ ተራራ ተዳፋት የሚኖረው ገበሬ ድንች ሲቆፍር፣ ሴቲቱ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ማለትም 20 ኪሎ ውኃ፣ በጀርባዋ አዝላ ዳገት ስትወጣ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ከምጣዱ ሥር ቁጢጥ ብላ ስትውል፣ ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ጎብጦ ሲወረውር፣ ካህኑ መቋሚያውን ተደግፎ ማኅሌቱን ቆሞ ሲያድር፣ ሁሉም የሚጫኑት አንድ ዓይነት አካል ነው፤ ወገብንና ጉልበትን። ለዓመታት የተደጋገመ ሸክምና አዘውትሮ በጉልበት መታጠፍ የጉልበት መገጣጠሚያን እንደሚጎዳ በጥናት የተረጋገጠ ነው። እንግዲህ በከተማ ለሚኖር የቢሮ ሠራተኛ የተጻፈ የጤና ምክር ለእኛ ሳይስተካከል ሊበቃን አይችልም፤ «ከባድ ነገር አታንሡ» የሚል ወረቀት በቀበሌ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚያነበውን ሰው ከማሳቅ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ከጉልበት ልጀምር። የጭንና የቅልጥም አጥንቶች በሚገናኙበት ቦታ ጫፋቸውን የሚሸፍን ለስላሳ ልም አጥንት አለ። ይህ ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው አንዴ ከተጎዳ በቀላሉ አይጠገንም፤ ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የቆየ ስብራት ወይም ወለምታ፣ ከዘር የሚወረስ ዝንባሌና የተደጋገመ ሸክም ሲደራረቡበት እየሳሳ ይሄዳል፤ ኦስቲዮአርትራይተስ ያልሁት ይህ ነው። ሕዝባችን «ብርድ መታኝ» ይላል፤ በደጋ ለሚኖር ሰው ይህን ማለቱ አይፈረድበትም፤ ብርድ የመገተርን ስሜት ሊያባብስ ይችላልና። በሽታውን ያመጣው ግን ብርዱ አይደለም፤ ስለዚህ ጉልበትን በፎጣ ጠቅልሎ መቀመጥ ብቻውን አያድነውም። እንዲህ ያለው ሕመም ቁልቁለት ሲወርዱ፣ ከተቀመጡበት ሲነሡና ብዙ ሲሠሩ ይብሳል፤ ሲያርፉ ይበርዳል፤ ጠዋት የሚሰማው መገተርም አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይዘልም። በጎልማሳና በአዛውንት ላይ እነዚህ ምልክቶች ከታዩ፣ ትኩሳትና መቅላት ከሌለ፣ የሚያስደነግጥ ነገር የለም፤ ሐኪሙም ብዙውን ጊዜ ያለ ራጅ ሊያውቀው ይችላል።

ለዚህ ሕመም ዋናው ሕክምና የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ መሆኑ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው። በመደብ ወይም በወንበር ላይ ተቀምጦ አንዱን እግር ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ ከአምስት እስከ አሥር እስኪቆጠር ድረስ ማቆየት፣ ከዚያ ማውረድና በሌላው እግር መድገም፣ ይህንም በየቀኑ ደጋግሞ መሥራት ከጉልበት በላይ ያለውን የጭን ጡንቻ ያጠነክረዋል፤ የጠነከረ ጡንቻም የመገጣጠሚያውን ሸክም ይጋራል። ክብደቱ ለበዛ ሰው አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈውን ጫና በአራት ኪሎ ያህል ያቀልለታል። ዱላ በእጃችን የማናጣ ሕዝብ ነን፤ ነገር ግን ቀኝ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ምርኩዙን በቀኝ እጁ ሲይዝ ነው የማየው፤ መያዝ ያለበት ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው ባለው እጅ ነው። ይህን ለማስተማር በጀት አያስፈልግም። ሥራን ጨርሶ መተውና መተኛት ደግሞ ጡንቻውን ስለሚያሰልለው ሕመሙን ያባብሰዋል።

አሁን ወደ አደገኞቹ ልምጣ። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት ቀልቶ፣ ግሎና አብጦ ከትኩሳት ጋር አላንቀሳቅስ ካለ፣ በውስጡ ኢንፌክሽን ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ሊያበላሸው፣ በደም ተሰራጭቶም ሊገድል ይችላል። የእጅ ጣቶች አንጓዎች በሁለቱም እጅ ተመሳስለው የሚያብጡ ከሆነና ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ተገትረው የሚቆዩ ከሆነ፣ ይህ ከልፋት የመጣ ሳይሆን ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚወጋበት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በወራት ውስጥ ሕክምና የጀመረ ሰው እጁን ያተርፋል፤ የዘገየ ግን ጣቶቹ ሊጣመሙ ይችላሉ። በበዓል ሰሞን ሥጋና መጠጥ ሲደራረብ ሌሊት በድንገት የእግር አውራ ጣት አንጓ ቀልቶ የነጠላ ንክኪ እንኳ የማያስችል ሆኖ የሚነሣው ደግሞ በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ የሚመጣው ሪህ ነው፤ ይህም በሚገባ የሚታከም ነው፤ በአገራችን ግን የኩላሊት ምርመራ ሳይደረግለት ለዓመታት በማስታገሻ የሚኖር ሰው ብዙ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ቢሮው እንዲያስብበት የምለምነው ስለ ልጆች ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን ታሞ ካገገመ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይዞት ጉልበቱ ቢያብጥ፣ ያ ሲተወው ቁርጭምጭሚቱን፣ ቀጥሎም ክርኑን ቢያመው፣ ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። የሚያታልለው ነገር የመገጣጠሚያው ሕመም በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ልጁ እንደ ልቡ መሮጥ መጀመሩ ነው፤ ወላጅ «ተሻለው» ብሎ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ በዚያው ጊዜ ግን የልብ ቫልቮች ተጎድተው ሊሆን ይችላል፤ ጉዳቱም ከዓመታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ልጅቱ አግብታ በምታረግዝበት ወቅት፣ በትንፋሽ ማጠርና በእግር እብጠት ይገለጣል። በጊዜ ከታወቀ መከላከያው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው፤ ለዓመታት ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት። ከዚያም በፊት የጉሮሮ ሕመሙ ራሱ ጤና ጣቢያ ታይቶ ቢታከም ነገሩ ከሥሩ ይቀራል። በአንዳንድ ቀበሌዎች ዛሬም ጉሮሮውን የታመመ ልጅ እንጥሉን ይቆረጣል፤ ይህ የጉሮሮ ሕመሙን ያመጣውን ባክቴሪያ አያጠፋውም፤ መድማትንና ሌላ ኢንፌክሽንን ግን ይጨምራል። መምህር ሆኜ ስለኖርሁ ይህን ማስተማር የትምህርት ቤትም ድርሻ እንደሆነ አምናለሁ፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም ይህን እንዲያነቡልኝ እወድዳለሁ።

ወደ ወገብ እመለሳለሁ። ከ10 የወገብ ሕመምተኞች 9 ያህሉ ሕመማቸው በአንድ በሽታ ወይም ስብራት ሊመካኝ የማይችል፣ ከጡንቻ፣ ከጅማትና ከአከርካሪው ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ጋር የተያያዘ ነው፤ አብዛኛውም በሳምንታት ውስጥ ይሻሻላል። ዲስክ የሚባለው፣ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ፣ ተገፍቶ ነርቭ ሲጫን ሕመሙ ከዳሌ ተነሥቶ በእግር በኩል እስከ ባት ወይም እስከ ጣት ይወርዳል፤ ይህም ቢሆን በብዙ ሰው ላይ ያለ ቀዶ ሕክምና ይቀላል። አልጋ ላይ ተኝቶ መክረም የድሮ ምክር ነው፤ ዛሬ የሚመከረው ሕመሙ የሚፈቅደውን ያህል መራመድ፣ ቀለል ያለ ሥራ መሥራትና ቀስ በቀስ ወደ ልማዱ መመለስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ስለ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያም ትምህርትንና የአካል እንቅስቃሴን ከሚመከሩት ዘዴዎች አካቷል። አጨዳን በተመለከተ የምለው አለኝ፤ አንድን ሰው ከማለዳ እስከ ቀትር ሳያርፍ አጎንብሶ ከማዋል፣ በወንፈል የሚወጡት ሰዎች አጨዳውን፣ መሰብሰቡንና ክምሩን በየተራ ቢቀያየሩ ወገብ ዕረፍት ያገኛል። ሸክምም ሲነሣ ወገብን አጥፎ ሳይሆን ጉልበትን አጥፎ፣ ዕቃውን ከሆድ አስጠግቶ መነሣት ይሻላል። ምድጃውን ከፍ ባለ መደብ ላይ መሥራት የእናቶችን ጉልበትና ወገብ ከብዙ ልፋት ያድናል፤ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ጭቃ፣ ድንጋይና የባል ፈቃደኝነት ብቻ ነው።

ከ10 አንዱ ግን ይለያል። የወገብ ሕመም የያዘው ሰው ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቆጣጠር ካቃተው ወይም ሽንት አልወጣ ካለው፣ በመቀመጫውና በብልቱ ዙሪያ ከደነዘዘው፣ እግሩ እየደከመ ከሄደ፣ ይህ በሰዓታት የሚቆጠር ድንገተኛ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ሳይዘገይ መላክ አለበት። ከዛፍ ወይም ከጣራ ወድቆ ወገቡን የተመታ ሰውም እንዲሁ፤ እርሱን ሳያጣምሙ በጠንካራ ሳንቃ ላይ አስተኝቶ መውሰድ ይገባል። ሕመሙ በዕረፍትና በሌሊትም ሳይለቅ ሲቀር፣ ከእርሱም ጋር ለሳምንታት የቆየ የማታ ላብ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ካለ፣ ወይም በአከርካሪው መካከል አንድ አንጓ ጎላ ብሎ ከወጣ፣ የአከርካሪ ቲቢ መጠርጠር አለበት። በአገራችን ቲቢ ብዙ ነው፤ በሳንባ ብቻም አይወሰንም፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። በዚህ በሽታ ጎብጠው የቀሩና ሽባ የሆኑ ሰዎችን በየመንደራችን እናያለን፤ በጊዜ ቢታወቅላቸው ኖሮ ብዙዎቹ ቀጥ ብለው ይሄዱ ነበር። ሌላው ብሩሴሎሲስ ነው። ያልፈላ ወተት ከመጠጣትና ጽንስ ከወረደባት ላም ፈሳሽ ጋር ከመነካካት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ እየመጣ የሚሄድ ትኩሳት፣ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል፤ ለዚህ ማስታገሻ አይበቃም፤ ለሳምንታት የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ያሻዋል። ከብት ለሚያረባ ሕዝብ ጤና ባለሙያው «ወተቱን እንዴት ትጠጣለህ?» ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ማሳሰብ አስፈላጊ ይመስለኛል።

በዚህ መካከል ስለ ወጌሻ ሳልናገር ባልፍ ደብዳቤዬ ሐሰተኛ ይሆናል። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ዋጋው ቀላል ነው፣ ቋንቋችንን ይናገራል፤ ወለም ያለን እግር በማሸት የሚያስታግስ ልምድ ያለው ሰውም አለ። አደጋው ያለው ስብራትን በቀርከሃ ወይም በእንጨት አጥብቆ ሲያስር ነው። ማሰሪያው የደም ዝውውርን ሲዘጋ እግሩ ይደነዝዛል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጣቱ ይጠቁራል፤ ሳይፈታ ከቆየ የሚቀረው መቁረጥ ነው። ወጌሻን መክሰስና ማሳደድ ሕዝቡን ወደ ስውር ወጌሻ ይገፋዋል እንጂ አይመልሰውም። እኔ የምመክረው በየወረዳው ያሉ ወጌሾች ተጠርተው፣ የደነዘዘና የጠቆረ ጣት ሲያዩ ማሰሪያውን ወዲያው እንዲፈቱ፣ ክፍት ስብራትን፣ ያበጠና የጋለ መገጣጠሚያን እንዲሁም የአከርካሪ ጉዳትን እንዳይነኩ፣ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ እንዲሠለጥኑ ነው።

ከወጌሻው ይልቅ የሚያስፈራኝ መርፌው ነው። በትንንሽ ከተሞች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ መርፌ የሚወጉ፣ ኪኒኑንም በፈለጉት መጠን የሚሸጡ ቤቶች እንዳሉ የማያውቅ ሰው የለም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀናት በልክ ሲወሰዱ ይጠቅማሉ፤ ለወራት ሲወሰዱ ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ የእርግዝናዋ ወራት የገፋ ሴትም ልትወስዳቸው አይገባም። ለጉልበት ሕመም ደግሞ ከላይ የሚቀባው የዲክሎፌናክ ቅባት ከሚዋጠው ያነሰ ጉዳት አለው፤ ሕዝቡ ግን ያልወጋውን መድኃኒት እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም። ከዚህ የባሰው ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን የሆነው ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን ሲሰጥ ነው። ሕመምተኛው በማግስቱ ዘሎ ይነሣል፤ ሻጩም «እጁ መድኃኒት ነው» ይባላል። ይህን መድኃኒት ለወራት የወሰደ ሰው ፊቱ ያብጣል፣ ስኳሩ ይጨምራል፣ አጥንቱ ይሳሳል፣ ተሸሽጎ የነበረ ቲቢም ሊቀሰቀስበት ይችላል፤ በድንገት ቢያቋርጠውም አደጋ አለው። የቁጥጥር ሥራው የማን እንደሆነ በሕግ የታወቀ ነው፤ ሥራው ሲሠራ ግን በዓይናችን አላየንም።

ድድን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉም ይበልጥ የተናቀ በመሆኑ ነው። ማንም ሰው በድድ መድማት ምክንያት ከሥራ ቀርቶ አያውቅም፤ ጥርሱ ሲወልቅም «ዕድሜ ነው» ይላል። ጥርስ ግን በዕድሜ ብቻ አይወልቅም። በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ በየዕለቱ ስስ የባክቴሪያ ሽፋን ይሠራል፤ ካልጸዳ በቀናት ውስጥ ከምራቅ ማዕድን ወስዶ ይጠጥራል፤ በዚያን ጊዜ በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ አይነሣም። ድዱ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል፤ እስከዚህ ያለው ደረጃ ከጸዳ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ከዚህ ካለፈ ባክቴሪያው ከድዱ ሥር ወርዶ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላዋል፤ የተበላው አጥንት ተመልሶ አያድግም፤ ጥርሱ ይረዝማል፣ ይነቃነቃል፣ በመጨረሻም ይወልቃል። በአብዛኛው ሕመም የለውም፤ ለዚህም ነው ሰው የሚዘገየው።

ሦስት ልማዶች ነገሩን ያከብዱብናል። የመጀመሪያው፣ ድዱ የደማበት ሰው «አቆሰልሁት» ብሎ ማጽዳቱን ማቆሙ ነው፤ ሊያደርግ የሚገባው ግን በለስላሳ ብሩሽ ወይም በደንብ በታኘከ መፋቂያ ሳይተው ማጽዳት ነው። መፋቂያ በትክክል ከተሠራበት የሚናቅ ነገር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለባቸው አገሮች እንዲሠራበት አበረታቷል። ችግሩ የፊት ጥርስን ብቻ ፍቆ የመንጋጋውን መርሳት፣ ድዱንም በደረቅ እንጨት መቧጠጥ ነው። ተሠነጣጥቆ የሻከረውን መፋቂያ መጣልና ለስላሳውን መያዝ፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ አቅጣጫ መፋቅ፣ የውስጡንም ገጽ አለመርሳት ያስፈልጋል። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የሚችል ሰው ቢጨምርበት ጥርሱንም ከመቦርቦር ያድነዋል።

ሁለተኛው የድድ ንቅሳት ነው። ለውበት ብለው ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶቻችንን አልነቅፍም፤ ነገር ግን የጋራ መርፌ የጉበት በሽታ የሆነውን ሄፓታይተስ ቢንና ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ለሴት ልጆቻችን መቅረት አለበት። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ሌላም ነገር አለ፤ የጠቆረ ድድ መቅላቱን ስለማያሳይ ባለሙያው በዓይኑ ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ የተነቀሰችን ሴት «ሲፋቅ ይደማል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ሦስተኛው ለጥርስ ሕመም ሁሉ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ነው፤ ያለ ጽዳትና ያለ ሕክምና አንቲባዮቲክ ብቻውን ሥሩን አያነሣውም፤ ባክቴሪያውንም መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል።

ድድን ከመገጣጠሚያ ጋር በአንድ ደብዳቤ ማምጣቴ ያስገረመው አንባቢ ይኖር ይሆናል። የስኳር ሕመም የድድን በሽታ ያባብሳል፤ የታመመ ድድም የስኳር ቁጥጥርን ያውካል፤ ስለዚህ በጎልማሳነቱ ጥርሶቹ በአንድ ጊዜ የተነቃነቁበት ሰው ስኳሩን መለካት አለበት። የድድ በሽታን ከሚያስከትሉት ባክቴሪያዎች አንዱ የሆነው ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ደግሞ በፕሮቲኖች ላይ በሚያመጣው ለውጥ ምክንያት ከሩማቶይድ አርትራይተስ አጀማመር ጋር ግንኙነት እንዳለው ተመራማሪዎች ያጠኑታል፤ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው መታየታቸውም የታወቀ ነው። እርጉዝ ሴት በሆርሞን ለውጥ ድዷ ቶሎ ይደማል፤ ጥርስ ማሳጠብ በእርግዝና ጊዜ ያስጎዳል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። ትንባሆ ደግሞ ድድን ከሚያጠፉት ሁሉ ቀዳሚው ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳና በቅርቡ ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ድዱ ቆስሎ ጉንጩ ቢያብጥና አፉ ቢሸት ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ማደር የለበትም፤ ኖማ የተባለው በሽታ በቀናት ውስጥ ፊትን ይበላል፤ በመጀመሪያው ደረጃ ግን በአንቲባዮቲክ፣ በአፍ ጽዳትና በምግብ ይገታል። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ነው።

ከዚህ በላይ የጻፍሁት በሕክምና መጻሕፍት የታወቀ ስለሆነ ለቢሮው አዲስ ነገር ነገርሁ ብዬ አልመካም። የምጠይቀው ይህ ዕውቀት ከደብረ ማርቆስና ከባሕር ዳር ሆስፒታሎች ወርዶ ጤና ኬላ እንዲደርስ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በእናቶችና በሕፃናት ጤና ያስገኘውን ውጤት ሁላችንም አይተናል፤ ያ የተሳካው ባለሙያዎቹ የአደጋ ምልክቶችን በቃላቸው እንዲያውቁና መቼ እንደሚልኩ እንዲረዱ ስለተደረገ ነው። ለጉልበት፣ ለወገብና ለድድም እንዲሁ ይደረግ። የአደገኞቹ ምልክቶች ከአንድ ገጽ አይበልጡም፤ በግልጽ አማርኛ፣ በአዊ ዞን ደግሞ በአዊኛም ተዘጋጅተው በየጤና ኬላው ይሰቀሉ፤ ባለሙያዋም ሕመምተኛን ስትልክ የጠረጠረችውን ምልክት በወረቀት ጽፋ ትስጠው፤ ጤና ጣቢያውም እንዲህ ተልኮ የመጣውን ከሰልፉ ኋላ እንዳያቆመው። መንገድ በሚዘጋበትና ትራንስፖርት በሚታጣበት በዚህ ጊዜ፣ ማን ሳይዘገይ መሄድ እንዳለበትና ማን ቤቱ ቢቆይ እንደማይጎዳ ማወቅ ከወትሮው የበለጠ ያስፈልጋል።

ለጥርስም ቢሆን፣ በየጤና ጣቢያው የጥርስ ሐኪም ይመደብ ማለት ዛሬ የማይቻል መሆኑ ይገባኛል። የሚቻለው ግን ይህ ነው፤ ከሆስፒታል የተላከ ባለሙያ ማጽጃ መሣሪያውንና መቀቀያውን ይዞ፣ አስቀድሞ በሚታወቅ የገበያ ቀን በየተራ ወደ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች እየወጣ ጥርስ ቢያጥብ። ገበያ የሚወጣው ሰው ለዚህ ብሎ ሌላ ቀን አያባክንም። የእንቅስቃሴ ሕክምናም በተመሳሳይ መንገድ፣ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተምረው ለሕመምተኛው የሚያሳዩ ነርሶች በመመደብ ሊጀመር ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን በየዓመቱ የሚከፍለው ገበሬ ጥርስ ማሳጠብና ፊዚዮቴራፒ ይሸፈንለት ወይም አይሸፈንለት እንደሆነ የሚነግረው ሰው አጥቷል፤ የተሸፈነውና ያልተሸፈነው በግልጽ ተጽፎ በየቀበሌው ይለጠፍ። የመድኃኒት ቤቶች ቁጥጥርም ከገበያ ቀን ውጭ በሚደረግ ጉብኝት ብቻ እንዳይወሰን፣ ያለ ትእዛዝ የሚወጉትንም ቤቶች በሕግ እንዲጠይቅ እንሻለን።

ገበሬው ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ ለሕክምናና ለስብሰባ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ቢሮው በዚያ ወቅት ቢያንስ በአንድ ወረዳ ሙከራውን እንዲጀምር፣ የትኛውን ጥያቄ እንደተቀበለና የትኛውን ለምን እንዳልተቀበለ የሚገልጽ መልስም በየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ጡረተኛ የሥነ ሕይወት መምህር
ደብረ ማርቆስ

ግልባጭ፦
ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች
ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የወረዳ ማስተባበሪያዎች
ለዕድሮችና ለሰበካ ጉባኤያት